የቀድሞውን አሠልጣኝ መመለስ ይገባልን?

የእግር ኳስ ጨዋታ የጐልማሶች ብቻ ጉዳይ የነበረበት ዘመን አልፎ ዛሬ እናትና ልጅ፥ አያትና የልጅ ልጅ በአንድነት ተቀምጠው የሚከራከሩበት የቤተ ሰብ ነገር ሆኗል። በእኛም ቤት ቅዳሜና እሑድ ከምሳ በኋላ የሚነሣው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ስለሚደረገው ጨዋታ ነው። ከክርክሩም ሁሉ ደጋግሞ የሚመጣው አንድ ነው፤ ይኸውም የምንወደው ቡድን ሁለት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ በተሸነፈ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ «ያንን የቀድሞውን አሠልጣኝ ይመልሱልን» ማለቱ ነው። ይህ ልመና ደግ ነውን? ወይስ ቡድኑንም ሰውየውንም ይጐዳል? ስለዚህ ነገር ያሰብነውን ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ሰው ያለፈውን ደግ ዘመን ቢናፍቅ አይነቀፍም። በቤታችን የሚወደደው ቡድን የሎንዶኑ ቼልሲ ነው። ይህ ክለብ በ1955 የእንግሊዝን ሊግ ካሸነፈ ወዲህ 50 ዓመት ያንን ዋንጫ ሳያገኝ ኖረ። በ2004 ግን ጆዜ ሞውሪኒዮ የሚባል ፖርቱጋላዊ አሠልጣኝ መጥቶ፥ በመጀመሪያው የጨዋታ ዘመን 95 ነጥብ ሰብስቦ፥ በ38 ጨዋታ 15 ግብ ብቻ ተቈጥሮበት ባለ ድል አደረገው፤ በሚቀጥለውም ዓመት ድሉን ደገመው። ያን ጊዜ ልጅ የነበረው ዛሬ የልጆች አባት ሆኖ ሳለ ስለዚያ ቡድን ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። «መልሱልን» በሚልበትም ጊዜ ከአሠልጣኙ ጋር የራሱን የልጅነት ዘመን አብሮ እየጠየቀ ነው።

ነገር ግን የናፈቁትን ሁሉ መመለስ ደግ አለመሆኑን እኛ ከሽምግልና ተምረናል። ከዘመዶቻችን መካከል ተጣልተው የተለያዩ ባልና ሚስት ነበሩ። የፋሲካ በዓል በደረሰ ጊዜ ቤቱ ጭር ማለቱን ያዩ ዘመዶች ለበዓሉ ሲሉ ቸኵለው አስታረቋቸው፤ ያጣላቸውን ምክንያት የጠየቀ አልነበረም። ዓመት ሳይሞላም እንደ ገና ተለያዩ፤ ልጆቻቸውም ለአንድ ጠብ ሁለት ጊዜ አለቀሱ። ከዚያ በኋላ በሌላ ቤት ለዕርቅ በተጠራን ጊዜ፥ ከሽማግሎቹ በዕድሜ የሚበልጡት አባት ባልየው ደግ ሰው ነው ወይስ ክፉ ብለው አልጠየቁም፤ «ያጣላችሁ ነገር ዛሬ አለ ወይስ ተወግዷል?» አሉ እንጂ። ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ እንደ ተባለ፥ ሥሩን እስክናገኝ ድረስ ሦስት ወር ተመላለስን፤ ያ ቤት ግን እስከ ዛሬ ቆሟል።

እንግዲህ የአሠልጣኞቹንም ነገር በዚሁ ሚዛን እንመዝነው። ሞውሪኒዮ በመስከረም 2007 ከቼልሲ የተለየው ሙያ አንሶት አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ከነበረው የክለቡ ባለቤት ከሮማን አብራሞቪች ጋር የነበረው መግባባት ስለ ተበላሸ ነበር። በ2013 ታርቀው ተመለሰ። በ2015 የሊጉን ዋንጫና ሌላ አንድ ዋንጫ ጨምሮ ስለ አነሣ መመለሱ ያለ ፍሬ ቀረ ማለት አይቻልም። ነገር ግን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ቡድኑ ከ16 ጨዋታ 9 ጊዜ ተሸንፎ፥ በ16ኛ ተራ ላይ ሳለ አሠልጣኙ ተሰናበተ። የክለቡም ሹም በአሠልጣኙና በተጫዋቾቹ መካከል አለመግባባት እንደ ነበረ በግልጥ ተናገረ። በፊተኛው ጊዜ ከባለቤቱ ጋር፥ በኋለኛው ጊዜ ከተጫዋቾቹ ጋር የጐደለው ሰላም ነው። ዋንጫ ማንሣቱን ሁሉም ያስታውሱ ነበር፤ አብሮ መኖርን እንዴት እንደሚያጸኑት ግን አስቀድሞ የተበጀለት አይመስልም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው የፍራንክ ላምፓርድ ነገር ነው። ላምፓርድ ለቼልሲ 211 ግብ ያገባ፥ ሕዝቡ እንደ ቤቱ ልጅ የሚያየው ተጫዋች ነበር። በ2019 አሠልጣኝ ሆኖ ተሾመ፤ በጥር 2021 ተሰናበተ። በሚያዝያ 2023 ክለቡ በአንድ የጨዋታ ዘመን ውስጥ ሁለት አሠልጣኞችን አሰናብቶ በተጨነቀ ጊዜ እስከ ዘመኑ ፍጻሜ እንዲጠብቅለት እርሱን መልሶ ጠራው። በ11 ጨዋታ 1 ጊዜ ብቻ አሸነፈ፤ 8 ጊዜ ተሸነፈ። በቤታችን ያሉት አያት የጨዋታውን ሕግ ባያውቁም የላምፓርድን ፊት በቴሌቪዥን አይተው «ይህን ልጅ ለምን ጠርተው ያዋርዱታል?» አሉ። ከእኛም መካከል መልስ የሰጣቸው አልተገኘም። ክለቡ መንገዱ ጠፍቶበት ሳለ የሕዝቡን ፍቅር እንደ መጋረጃ አድርጎ ችግሩን ሸፈነበት፤ ዋጋውን ግን የከፈለው የሰውየው ስም ነው።

በዚያው በሚያዝያ ወር ቼልሲን ሁለት ጊዜ 2 ለ 0 አሸንፎ ከአውሮጳ ዋንጫ ያስወጣው ሪያል ማድሪድ ነበር። የእርሱም አሠልጣኝ ካርሎ አንቸሎቲ ራሱ የተመለሰ ሰው ነበር። አንቸሎቲ በ2014 ለክለቡ 10ኛውን የአውሮጳ ዋንጫ አምጥቶ በ2015 ተሰናበተ፤ በ2021 ተመልሶም ያንኑ ዋንጫ በ2022 እና በ2024 አነሣ። ነገር ግን ሲመለስ የ2014ቱን ቡድን መልሱልኝ አላለም። ክርስቲያኖ ሮናልዶ አስቀድሞ በ2018 ሄዶ ነበር። ከነባሮቹ ከሞድሪችና ከቤንዜማ ጋር አዲሶቹን አስማምቶ ሠራ፤ በ2022 በፓሪስ በተደረገው ፍጻሜ ሊቨርፑልን 1 ለ 0 ያሸነፉበትን ግብ ያገባው፥ አንቸሎቲ በፊተኛው ዘመኑ በክለቡ ያላገኘው ወጣቱ ቪኒስየስ ጁኒየር ነው።

በጀርመን አገርም ዩፕ ሄይንከስ በ1991 ከባየር ሙኒክ ተሰናብቶ ነበር። ኋላ ግን ተመልሶ በ2013 ሦስት ታላላቅ ዋንጫዎችን በአንድ የጨዋታ ዘመን አነሣ። ዕረፍት ላይ ሳለም በጥቅምት 2017፥ በ72 ዓመቱ፥ ለዚያው የጨዋታ ዘመን ብቻ እንደ ገና ተጠራ። በዚያን ጊዜ ክለቡ በ5 ነጥብ ይበለጥ ነበር፤ በፍጻሜው ግን ሁለተኛውን በ21 ነጥብ በልጦ አሸነፈ። ሄይንከስም ቈይልን ቢባል እሺ ሳይል በቀኑ ወደ ቤቱ ገባ። ለላምፓርድም ቀን ተቈርጦ ነበር ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሄይንከስ የተጠራው ሥርዓቱ ወደ ቆመ ቤት ሲሆን፥ ላምፓርድ የተጠራው ምሰሶው ወደ ተናጋ ቤት ነው።

ስለዚህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። የቀድሞው አሠልጣኝ ሊመለስ የሚገባው አስቀድሞ ያለያየው ነገር ተነግሮ የተወገደ እንደ ሆነ፥ የሚሠራውም ሥራ ለዛሬዎቹ ተጫዋቾች የታሰበ እንደ ሆነ፥ የተሰጠውም ሥልጣንና ጊዜ ከሁለቱም ወገን የታወቀ እንደ ሆነ ነው። እነዚህ ካልተሟሉ ግን ሥዕሉን በክለቡ ግድግዳ ላይ ይስቀሉለት፤ በጨዋታም ቀን ጠርተው በክብር ወንበር ላይ ያስቀምጡት፤ ሥራውን ግን ለሌላ ይስጡ። በደኅና ያገለገለን ሰው ማክበር ማለት ባልሠራው ጥፋት የሚወቀስበት ስፍራ ላይ አለማቆም ነውና።

እናንተም ወጣቶች፥ ቡድናችሁ ተሸንፎ ልባችሁ ባዘነ ጊዜ «ይመለስ» ከማለታችሁ በፊት «ለምን ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወላጆችም ልጆቻችሁ ይህን በኳስ ምክንያት ሲጠይቁ ብትሰሙ ጨዋታ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ነገ በትዳራቸውና በሥራቸው ለዕርቅ በሚቀመጡበት ቀን ይጠቅማቸዋልና።