የፉል ፍሬም ሰባት ቤት

እንጦጦ ላይ በጠዋት ካሜራ አንግቶ የወጣ ሰው ሰላምታው ሳያልቅ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ፉል ፍሬም ነው?» ምን ልታነሣ መጣህ፣ ብርሃኑስ እንዴት ነው የሚል የለም። «አዎ» ካለ ጠያቂው ካሜራውን በአክብሮት አየት አድርጎ ያልፋል። «ክሮፕ ነው» ካለ ደግሞ «እሱም አይከፋም» ይባላል። ማጽናናቱ ነው የሚያበሽቀው።

እኔ እንጀራዬ ሌላ ነው፤ ከእንጀራው የሚተርፈው ግን ለፎቶ ነው። ፉል ፍሬም የሚሉት ትልቁን ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የካሜራ ክፍል ነው፤ ክሮፕ የሚሉት ትንሹን። ሁለቱንም ይዤ ዞሬአለሁ። እየቆየ ይህ ጥያቄ የአማች ምርመራ መስሎ ይታየኝ ጀመር። አማች ሊመጣ ሲል ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር የለ? እንግዲያው ፉል ፍሬም የተባለውንም የጨዋ ልጅ እንቁጠረው።

አባቱ ቅርብ ነው። ካኖን በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ኢኦኤስ 1ዲኤስ የተባለውን ባለ 11 ሜጋፒክስል ካሜራ አወጣ፤ በዚያው ሰሞን ኮንታክስም የራሱን ይዞ ብቅ ብሎ ነበር። የሁለቱም ሴንሰር ስፋት 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፉል ፍሬም የሚባለው ልክ ይኸው ነው። ከዚያ በፊት በሰው እጅ የነበሩት ዲጂታል ካሜራዎች በአብዛኛው ከዚህ ያነሰ ሴንሰር ነበራቸው። ምክንያቱ ዋጋ ነው። ሴንሰር የሚሠራው በክብ የሲሊከን ዝርግ ላይ ነው፤ ቁራጩ በተለቀ መጠን ከአንድ ዝርግ የሚገኘው ቁጥር ያንሳል፣ በጥቂት እንከን የሚጣለውም ይበዛል። ፋብሪካዎቹ ስለዚህ አሳነሱት። ችግሩ፣ ሰዉ ለፊልም ካሜራ የገዛው ሌንስ መሳቢያ ውስጥ አለ። ያ ሌንስ ሥዕሉን የሚጥለው በ36 በ24 ልክ ስለሆነ፣ በትንሹ ሴንሰር ላይ ዳር ዳሩ ተቆርጦ ቀረ፤ «ክሮፕ» መባሉም ከዚህ ነው። በ28 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ሙሉ ሠርገኛ ያስገባ የነበረ ሰው ሚዜዎቹን እያስወጣ ማንሣት ጀመረ። ዳሩን የማይቆርጠው ሴንሰር ሲመጣ እንደ ነጻ አውጪ የተቆጠረው በዚህ ነው። ትልቅ ክብሩ እንግዲህ መሳቢያ ውስጥ ካለው አሮጌ ሌንስ ጋር መስማማቱ ነበር።

አያቱ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይጣፍጣል። ኦስካር ባርናክ የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ ቬትስላር በምትባል ከተማ፣ ማይክሮስኮፕ በሚሠራው በኧርንስት ላይትስ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ መካኒክ። ፎቶ ማንሣት ፍቅሩ እንጂ ሥራው አልነበረም፤ በዚህ የእኛ ወገን ነው። የእርሱ ዘመን ካሜራ ግን ሣጥን ነው፤ በውስጡ የመስታወት ሰሌዳ፣ በጎኑ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ በትከሻ ላይ ደግሞ የመለዋወጫ ሰሌዳዎች ቦርሳ። ባርናክ አስም ነበረበት። ዳገት ወጥቶ መልክዓ ምድር ማንሣት እየፈለገ ትንፋሹ ያጥረዋል። የፊልም ኢንዱስትሪው የሚጠቀምበትን 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያዘና በኪስ የሚገባ ካሜራ በ1914 ገደማ ሠራ። በሲኒማ ፊልሙ ቁልቁል ይሄዳል፤ የአንዱ ሥዕል ልክም 24 በ18 ነው። ባርናክ ፊልሙን አጋድሞ የሁለቱን ሥዕል ቦታ ለአንድ ሰጠ፤ 36 በ24 ሆነ። አንደኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ነገሩ ተጓተተ፤ ላይካ ተብሎ ላይፕዚሽ ትርኢት ላይ ለገበያ የቀረበው በ1925 ነው።

ቅድመ አያቱን ደግሞ አሜሪካ እናገኘዋለን። በቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ ዲክሰን የተባለ ሰው ለተንቀሳቃሽ ምስል የሚሆነውን የፊልም ወርድና በሁለት ጠርዙ ያሉትን ቀዳዳዎች የወሰነው በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሽማግሌ ይሙላበት።

ዘሩ ተቆጠረ። የጨዋው ልጅ አያት ትንፋሽ ያጠረው ሰው፣ የተወለደበትም ምክንያት ዕቃ ማቅለል ነው። በመስታወት ሰሌዳ ለለመደው ለዚያ ዘመን ፎቶ አንሺ 36 በ24 ማለት የቴምብር ጉዳይ ነበር። ዛሬ በዚያው ልክ የተሠራ ካሜራ ወደ አንድ ኪሎ ከሚጠጋ ሌንስ ጋር አንግበን፣ እንጦጦ ዳገት ላይ እያለከለክን «ክሮፕ ነው?» ብለን እናዝናለን። ባርናክ ቢያየን ምን ይል እንደነበር እኔ አላውቅም፤ ከትከሻዬ ሐኪም ጋር ግን የሚስማማ ይመስለኛል።

ትንሽ ፊልም ሌላም ጣጣ አመጣ። ከመስታወት ሰሌዳ ፎቶ በልኩ ወረቀት ላይ ማተም ይቻል ነበር፤ ከላይካ ግን ካላጎሉት በቀር የሚታይ ነገር የለም። ማጉያ ማለት ደግሞ በብርሃኑና በወረቀቱ መካከል ክፍት ቦታ ነው፤ እጅ የሚገባበት። የጨለማ ክፍል ሠራተኛ ሽቦ ጫፍ ላይ ክብ ካርቶን አድርጎ በሥዕሉ ላይ ባለው ሰው ፊት ላይ ያወዛውዛል፣ ፊቱ ይፈካል። መዳፉን ከልሎ ሰማዩ ላይ ብርሃን ይጨምራል፣ ሰማዩ ይጠቁራል። ፎቶሾፕን የጀመሩት ቶማስና ጆን ኖል የተባሉት ወንድማማቾች አባታቸው ምድር ቤት ውስጥ የጨለማ ክፍል ነበረው። ፕሮግራማቸው በአዶቤ ስም በ1990 ወጣ፤ ያቺ ካርቶን ከነሽቦዋ፣ ያ መዳፍም እንዳለ ኋላ ገብተውበታል፤ ዛሬም እዚያው የመሣሪያ ረድፍ ላይ አሉ። «እኔ ኤዲት አላደርግም» የሚለው ወዳጄ ይህን አይወድልኝም። የእርሱን ጄፔግ ካሜራው ራሱ ኤዲት አድርጎ እንደሚያስረክበው ብነግረው ደግሞ ቡናውን ትቶ ይነሣል።

የእኔ ኤዲት አብዛኛው ስለ ነጠላ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ዓለም በአማካይ ግራጫ ናት ብሎ ያምናል፤ ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ አምጥተህ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ብታሳየው ተሳስቶ ያጨልመዋል። ነጠላው አመድ ይመስላል፣ ፊቱ ይጠፋል። ስለዚህ ሳነሣ ብርሃኑን አንድ ስቶፕ ያህል፣ ማለትም በእጥፍ፣ ከፍ አደርጋለሁ፤ በራው፣ ካሜራው ኤዲት ባላደረገው ፋይል፣ ነው የማነሣው፤ ቤት ገብቼ የነጠላው ድር እንዳልጠፋ አያለሁ፤ ከዚያ በዚያች ካርቶን ፊቱን ፈካ፣ በመዳፉ ነጠላውን በረድ አደርጋለሁ። በጠራራ ፀሐይ ለዚህ ሥራ የትኛውም ሴንሰር ይበቃል። ትልቁ ዋጋውን የሚያስመልሰው ላሊበላ በገና ሌሊት፣ በጧፍ ብርሃን ነው፤ ስፋቱ ከትንሹ ሁለት እጥፍ ስለሚበልጥ የሚሰበስበው ብርሃንም እንዲሁ ይበልጣል። ያን ጊዜ ትከሻዬም አይማረርም።

አንድ ጊዜ አክስቴን በጥምቀት ማግስት እንደዚህ አድርጌ አነሣኋቸውና ትልቅ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ነጠላው ነጭ፣ ጥለቱ ጥርት ያለ፣ ፊታቸው የራሳቸው ፊት። ብዙ አዩት። «አንተ ልጅ፣ ካሜራህ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ቀላ ብታደርገኝስ?» አሉ። እንደማላደርገው ነገርኳቸው፤ ስለ ባርናክ እንኳ ልነግራቸው ጀምሬ ነበር። በሳምንቱ ሰፈራቸው ያለው ፎቶ ቤት አስቀልተው፣ መጨማደዱንም አስጠፍተው አመጡት። ሳሎን የተሰቀለው እሱ ነው።