የአያቴ የስፌት መኪና መቼ ላስታ ገባ?

ላሊበላ በሚገኘው የአያቴ ቤት የቆመው የስፌት መኪና መቼ እንደተገዛ በቤተሰባችን ሁለት ታሪክ ይነገራል። አያቴ በሕይወት ሳሉ «ጃንሆይ ጃፓን ደርሰው በተመለሱ ማግስት ነው» ይሉ ነበር። ታላቋ አክስቴ ደግሞ እናታቸው በጣሊያን ጊዜ በዚሁ መኪና ይሰፉ እንደነበር ከራሳቸው አፍ ሰምተዋል። ጣሊያን የተባረረው በ1933 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ጃፓንን የጎበኙት በኅዳር 1949 ዓ.ም. ነው። አንድ መኪና ሁለት ጊዜ አይገዛም። ታዲያ ከሁለቱ የማን ትዝታ ነው የተሳሳተው?

መኪናው ራሱ ብዙ አይናገርም። ጥቁር ነው፤ የወርቅ ቀለም ጽሑፉ ለዓመታት በክንድ ሲታሽ ኖሮ ጠፍቷል። ከጀርባው በእንግሊዝኛ «ጃፓን» የሚለው ቃል ብቻ በደብዛዛው ይነበባል። የንግድ ስሙ ቢገኝ ኖሮ ይጠቅመኝ ነበር? ብዙም አይመስለኝም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን ፋብሪካዎች ለውጭ ገበያ በሚያመርቱት መኪና ላይ ገዢው ነጋዴ የመረጠውን ስም ይለጥፉ ስለነበር፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ መኪና በብዙ ስም ይሸጥ ነበር።

«ጃፓን» የሚለውን ቃል ብቻ ይዤ የአክስቴን ታሪክ ውድቅ ላደርገው አልቻልኩም። ኢትዮጵያና ጃፓን የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረሙት ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘ መጽሐፍ ጽፈዋል። የጃፓን የጥጥ ጨርቅም በዚያው ዘመን ገበያችንን ሞልቶት ነበር። ጨርቁን ተከትሎ መኪናውም መጥቶ ቢሆንስ? በኋላ ጃኖሜ የተባለው ድርጅት ሥራ የጀመረው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብራዘርም የመጀመሪያውን የቤት መኪና የሠራው በ1932 እ.ኤ.አ. ነው። በዘመኑ የጃፓን መኪና ነበረ ማለት ነው።

ስለዚህ መኪናውን መገልበጥ ግድ ሆነ። ከጠረጴዛው ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ብሎኖች አላላሁና ወደ ኋላ አጋደምኩት። ሆዱ ሥር ዘይት፣ አቧራና የክር ብናኝ ተጋግረው እንደ ቅርፊት ደርቀዋል። በነጭ ጋዝ በነከርኩት ጨርቅ ስጠርገው ከብረቱ ጋር አብረው የተቀረጹ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ «ጄ» እና «ኤ»፣ ከአጠገባቸውም አንድ ቁጥር ብቅ አሉ።

ይህ ምልክት መኪናውን የሠራውን ፋብሪካ የሚያመለክት መለያ ነው፤ በ«ጄ» እና «ሲ» የሚጀምረው ደግሞ ብረቱን ያቀለጠውን ይጠቁማል። ሁለቱም የመጡት ከጦርነቱ በኋላ፣ የጃፓን ኢንዱስትሪ የሲንጀርን ሞዴል 15 መነሻ አድርጎ አንድ ወጥ መለኪያ ሲያወጣ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ ለመሥራት የተቋቋመው ጁኪ እንኳ የቤት መኪና መሥራት የጀመረው በ1947 እ.ኤ.አ. ነበር። እንግዲህ ይህ መኪና በጣሊያን ጊዜ ላስታ ውስጥ ሊኖር አይችልም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዓመት ማጥበብ ግን አልሆነልኝም። ጃፓን በአሜሪካኖች እጅ በነበረችበት ጊዜ፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 1944 ዓ.ም.፣ ከተሠሩት ዕቃዎች ብዙዎቹ «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚል ጽሑፍ አለባቸው። በእኛ ላይ ይህ የለም። ታዲያ ከ1944 በኋላ ነው ልበል? ጽሑፉ በሁሉም ዕቃ ላይ አልነበረም፤ በእኛም ላይ ኖሮ ተፍቆ ሊሆን ይችላል። የታችኛውን ክር የምትይዘው ትንሽ ብረት ሌላ ምልክት ስላለባት ተስፋ አድርጌባት ነበር። በቅዳሜ ገበያ በረንዳ ላይ የሚሰፉ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ግን «እሷማ ስታልቅ ትቀየራለች፤ የየትኛውም ትገባለታለች» አሉኝ። መለኪያው አንድ ወጥ ነውና እውነታቸውን ነው። እሷንም ከማስረጃነት አወጣኋት።

ቀጥሎ ያየሁት እግሩን ነው። ከመርገጫው በላይ፣ ሁለቱን እግሮች በሚያገናኘው ብረት ላይ «ሲንጀር» የሚል በጉልህ ተቀርጿል! የጃፓን መኪና በሲንጀር እግር ላይ ምን ይሠራል? በልክ ይገጥማል፤ የተቀዳው ከሲንጀር ነዋ። አክስቴን «አንቱ የሚያስታውሱት ላዩን ነው ወይስ እግሩን?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ልጄ፣ እኔማ ሥሩ ተቀምጬ ያን ፊደል በጣቴ ስከተል ነው የማውቀው። ላዩን ማን ያስነካኛል?» አሉ።

በጣሊያን ጊዜ ሲንጀር ነበረ፣ ላዩ ተበላሸ ወይ ተሸጠ፣ አያቴም በኋላ የጃፓኑን ላዩን ብቻ ገዙ ብል ሁለቱም ትዝታዎች ይታረቃሉ። አያቴ መኪናው ከወልዲያ በሰው ትከሻ መጣ ይሉ የነበረውም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ላዩ ብቻውን ከ10 ኪሎ ቢበልጥም አንድ ሰው ይችለዋል፣ ከነብረት እግሩ ከሆነ ግን በቅሎ ይፈልጋል። ነገር ግን እግሩ ከላዩ ጋር በአንድ ጊዜ ተገዝቶ ቢሆንስ? የአክስቴ የልጅነት ትዝታ ከጣሊያን በኋላ ነው፤ የጣሊያኑ ከእናታቸው የተሰማ ነው። በቁጥሩ ዘመኑ ይታወቅ የነበረው የሲንጀሩ የላይኛው ክፍል ዛሬ የለም፤ በእግሩ ላይ ደግሞ ቁጥር አላገኘሁም።

የምፈርደው እስከዚህ ድረስ ነው፦ ላዩ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው፤ እግሩ የሌላ መኪና ነበር፤ የ1949ኙ ታሪክ ሊሆን ይችላል፣ አልተረጋገጠም። በላስታ፣ በቡግና ወይም በወልዲያ አሮጌ የእግር መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ ሆዱን ገልብጣችሁ እዩት፤ ፊደሉንና ቁጥሩን በአሸዋ ወረቀት ሳትፍቁ በጨርቅ ጥረጉና ፎቶ አንሱት። የገዙት ወይም ሲገዛ ያዩ አዛውንት በሕይወት ካሉም ከማን፣ በየት በኩልና በምን ተጭኖ እንደመጣ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉልን።