ስለ ጉና ተራራና ስለ አራዊት ጉርብትና

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ነፋስ መውጫ የሚኼድ መንገደኛ የጉናን ተራራ በስተ ቀኙ እያየ ያልፋል። ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጋይንትና እስቴ ፋርታም ይዋሰኑበታል። ርብና ጉማራ ከጎኑ እየፈለቁ ወደ ጣና ይወርዳሉ። በራሱ ላይ ጓሣና ጅብራ ይበቅላል፤ ከዚያ በታች ያለው አገር ግን የገብስና የድንች እርሻ ኾኗል።

ሁለት አዳኝ አራዊት በአንድ ምድር ሲኖሩ አንዱ የሌላውን ኑሮ እንዴት እንደሚለውጠው ለመረዳት የሚወድ ሰው በመዠመሪያ የአሜሪካን ነገር ይስማ። የሎውስቶን በሚባለው ጥብቅ ምድር ተኩላ ወደ 1918 ዓ.ም. ገደማ ተገድሎ አልቆ ነበር። በ1987ና በ1988 ዓ.ም. ግን 31 ተኩላዎች ከካናዳ አምጥተው ለቀቁበት። በዚያ ኩጋር የሚባል፥ ቁመናው ነብር የሚያህል፥ ነጠብጣብ የሌለው አውሬ ብቻውን እያደነ ይኖር ነበር። ተኩላዎቹ በመንጋ እየመጡ የገደለውን ነጠቁት፤ ግልገሎቹንም የሚገድሉበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ኩጋሩ ሜዳውን ትቶ ገደልና ዛፍ ወዳለበት ሸሸ፤ ይኹን እንጂ መሸሻ ስላገኘ አልጠፋም።

በአገራችንም ይህን የሚመስል ነገር አለ። በመንዝ ጓሣ ቀይ ቀበሮ አይጥ የሞላበትን ሣር ለራሱ ይዞ ተራውን ቀበሮ ያባርረዋል፤ ተራው ቀበሮም በመንደርና በእርሻ ዳር ይኖራል። ሁለቱም እንዲህ ሥፍራ ተከፋፍለው የሚያድሩት የመንዝ ባላገር ሣሩን በቄሮ ሥርዐት ለብዙ ዘመን ሲጠብቅ ስለ ኖረ ነው።

በጉና ግን ነገሩ ሌላ ኾነ። ቀይ ቀበሮ እዚህም ነበር፤ ነገር ግን ቁጥሩ ጥቂት ነበረ፤ እርሻውም ወደ ላይ እየወጣ ምድሩን አጠበበበት። ከተራራው ራስ በላይ መሸሻ የለምና በ2000ዎቹ ዓ.ም. መዠመሪያ ከዚያ ጠፋ። ከጎጃሙ ጮቄም እንደዚሁ ጠፍቷል። በመላው ኢትዮጵያ የቀረው ወደ 500 ያህል ብቻ ነው።

ደግሞም ከገበሬ ጋራ የሚወጣው ውሻ ከጅብና ከተራ ቀበሮ ይልቅ ክፉ ጎረቤት ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣልና። በ1996 ዓ.ም. በባሌ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራት ሦስት እጁ በዚህ በሽታ አለቀ።

እንግዲህ ቀይ ቀበሮ አንድ ቀን ወደ ጉና እንዲመለስ የሚወድ ሹምም ባላገርም አስቀድሞ የተራራውን ራስ ከማረሻ ይጠብቅ፤ ውሻውንም ይሰር፥ ያስከትብም። ሥፍራ ሳያዘጋጁ እንግዳ መጥራት ነውር ነው። ጅብ ከኼደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፥ በጉና ከጠፋ በኋላ ብናዝን ምን ይጠቅማል? በመንዝ በስሜንና በባሌ ሳለ ግን መጠበቅ ይቻላል።