«ትልቁ ድንጋይ ጋ ስትደርሱ...»

እናንተዬ፣ እኛ የአዲስ አበባ ልጆች አንድ የማይለቀን አመል አለን። አድራሻ ስንጠይቅ ግማሹን ብቻ ነው የምንሰማው። «ከባንኩ ወረድ ብሎ...» ሲሉን «አውቄዋለሁ፣ አውቄዋለሁ!» እንላለን። ከተማ ውስጥ ችግር የለውም፤ ቢጠፋብን ባለሱቁ አለ፣ ሊስትሮው አለ፣ የታክሲ ረዳት አለ። ይህን አመል ይዞ ሚዛን ተፈሪ ጫካ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ ገብቼ አይቼዋለሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በቡና ለቀማ ሰሞን ከእጮኛዬ ጋር አክስቷን ልንጠይቅ ወደ ሚዛን ወረድን። ያሳደገቻት እሷ ስለሆነች ሽማግሌ ከመላኬ በፊት መታየት ነበረብኝ። በጅማና በቦንጋ አድርጎ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከቦንጋ ወዲያ መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር አረንጓዴው እየጠቆረ ይሄዳል። ቴፒና በበቃ በሰፋፊ የቡና እርሻቸው ስማቸው የታወቀ ነው። የገበሬው ቡና ግን ሌላ መልክ አለው፤ በዋንዛና በሌሎች ዛፎች ጥላ ሥር፣ ከኮረሪማና ከእንሰት ጋር ተቃቅፎ ይበቅላል። ለእንግዳ ዓይን ደን ነው፤ ለባለቤቱ ግን ጓሮው ነው።

አክስት መንገዱን በስልክ ነገረችን። «ከባጃጅ ስትወርዱ ጅረቷን ተሻገሩ። ትልቁ ድንጋይ ጋ ስትደርሱ በግራ ያለችውን ቀጭን መንገድ ይዛችሁ ውረዱ።» ሁለታችንም ሰማን። ማለቴ... እሷ ሰማች። እኔ የያዝኩት «ትልቁ ድንጋይ» የምትለዋን ብቻ ነው።

ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄድን ጎጆ የሚያክል ቋጥኝ ብቅ አለ። «ይኸውልሽ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ጅረት አልተሻገርንም እኮ» አለች።

«ደርቆ ይሆናላ!» በዚያ ዝናብ በማይጠፋበት አገር!

በግራ ወረድን። ከዚያ ሌላ ቋጥኝ፣ ከዚያም ሌላ። ሁሉም ትልቅ፣ ሁሉም ሽበት ለብሷል። ስልኬን አወጣሁ። ሰማያዊዋ ነጥብ እኔ ያለሁበትን ታሳያለች፤ የአክስትን ቤት ግን ከየት አባቷ ታውቀዋለች? ዙሪያዋ ባዶ አረንጓዴ ነው። ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው ያዩናል። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፣ ዝናቡ ጀመረ፣ እጮኛዬ ዝም አለች። እሷ ዝም ካለች ነገር እንደተበላሸ አውቃለሁ።

ያዳነን ቅርጫት የያዘ አንድ ቡና ለቃሚ ወጣት ነው። የት እንደምንሄድ ከመጠየቁ በፊት «ወንድሜ፣ እርግጠኛ ሆናችሁ መጨረሻ ያያችሁት ነገር ምንድን ነው?» አለኝ። አፌን ያዝኩ። «ባጃጅ የወረድንበት» አለች እሷ። ወደዚያው መለሰን። ለካስ ገና ከመነሻው የተሳሳተ መንገድ ይዤ ኖሯል! ከዚያ ጅረቷን ተሻገርን፤ ቀጥሎ ዋርካ ሥሩን የጠመጠመበት ቋጥኝ መጣ። የአክስት ድንጋይ ያ ነበር።

አዲስ አበባ ስመለስ ነገሩ አልለቀኝ ብሎ ማንበብ ጀመርኩ። ለካስ ይህን ጉዳይ ስፖርት ያደረጉት አሉ! ኦሪየንቲሪንግ ይባላል። ካርታና ኮምፓስ ይዞ፣ ጫካ ውስጥ የተተከሉ ምልክቶችን በተራ እየፈለጉ መሮጥ ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነ የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1897 ኖርዌይ ውስጥ ተካሄደ። በተለመደው 1 ለ50,000 ካርታ ላይ አንዷ ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ስለሆነች ቋጥኝ ቦታ የለውም። የእነሱ ካርታ ግን 1 ለ15,000 ወይም 1 ለ10,000 ነው። ከ1 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቋጥኝ በጥቁር ነጥብ፣ ተሰብስበው የቆሙ ቋጥኞች ደግሞ በጥቁር ሦስት ማዕዘን ይሰፍራሉ።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሯጮች ቋጥኝ ፍለጋ ዝም ብለው አይገቡም። መጀመሪያ የማይስቱትን ትልቅ ነገር፣ ጅረት ወይም መንገድ ወይም የእርሻ ዳር ይይዛሉ። ከዚያ ተነስተው ነው በአቅጣጫና በርቀት ወደ ትንሿ ነጥብ የሚጠጉት። ቋጥኝ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ መንትያው ብዙ ነው! ከጠፋባቸውም እርግጠኛ ወደሆኑበት የመጨረሻ ቦታ ይመለሳሉ። ያ ቡና ለቃሚና አክስት ያሉኝም ይህንኑ አይደል?

እንግዲህ ለሥራም ሆነ ለሽርሽር ወደ ሚዛንና ቴፒ የምትሄዱ፣ ከእኔ ተማሩ። «ትልቅ ድንጋይ» ስትባሉ ከእሱ በፊት ምን እንዳለ፣ በምን እንደሚለይ፣ ካለፋችሁት ደግሞ ምን እንደምታገኙ ጠይቁ። ካርታውን ኔትወርክ ሳለ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ድንጋይ ላይ የበቀለ ሽበት ሰሜንን ያሳያል የሚባለውን እርሱት፤ እዚያ በአራቱም በኩል ይበቅላል። ኮምፓስ ከያዛችሁ ጥቁር ድንጋይ ላይ አታስጠጉት፤ ብረት ያለበት ከሆነ ቀስቱን ያስታል። ሰዓት ተመልከቱ፤ ሩብ ሰዓት የተባለው መንገድ አንድ ሰዓት ከፈጀ ቁሙ። ከሁሉም በላይ አብሯችሁ ያለው ሰው «ይህ አልተባልንም እኮ» ሲል ስሙት!

የአክስት ቤት ስንደርስ ጨልሟል። ከእግር እስከ ራሴ ጭቃ ነኝ። ጎደሬ ቀረበ፣ ቡና ተፈላ። እጮኛዬ የሆነውን ሁሉ ዘረገፈችው። አክስት ሳቀች፤ ቀጥላ ግን ትክ ብላ አየችኝ።

«ልጄ፣ ጅረቷን አልተሻገርንም ስትልህ ያልሰማሃት ነገ ትዳር ውስጥ ምን ስትልህ ልትሰማት ነው?»

ሲኒዬን አስቀመጥኩ። መልስ አልነበረኝም። «ይማራል» አለች እጮኛዬ ቀስ ብላ። እንዴት እንዳረፍኩ!

ከሁለት ወር በኋላ ሽማግሌዎቹ ወደ ሚዛን ሄዱ። መንገዱን የነገረቻቸው እሷ ናት። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ።

ቸር ሰንብቱ!