ይሄ ሊስት የማን ነው?

«ስታቲክ ቫሪያብል የክላሱ፣ ኢንስታንስ ቫሪያብል የየኦብጀክቱ» የምትለዋን መልስ ሁላችንም ለፈተና ሸምድደናታል። አንዱ የእድር ሣጥን፣ ሌላው የየራስ ኪስ። እስከዚህ ቀላል ነው።

ነገሩ የሚጣፍጠው ፓይዘን ላይ ነው። «ተማሪ» በሚል ክላስ ውስጥ፣ ከኮንስትራክተሩ ውጭ፣ ባዶ ሊስት አስቀምጡ፤ ከዚያ አበበና ጫልቱ የሚባሉ ሁለት ኦብጀክቶች ፍጠሩ። ለአበበ 90 ብላችሁ በአፔንድ ስትጨምሩ ጫልቱም ጋ 90 ይታያል፤ ሊስቱ አንድ ነዋ! በሊስቱ ፈንታ ቁጥር ቢሆንና በአበበ በኩል አዲስ ዋጋ ብትሰጡት ግን ፓይዘን ለእሱ ብቻ የግሉን ይፈጥርለታል፤ የክላሱ ሳይነካ ይቀራል። ጀማሪ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ጃቫም የራሱ ጣጣ አለው። ስታቲክ ቆጣሪ ላይ አንድ መጨመር ማለት ማንበብ፣ መደመርና መልሶ መጻፍ ነው። ሁለት ትሬዶች እኩል ከገቡ አንዱ ቆጠራ ተበልቶ ሊቀር ይችላል። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ጃቫ 5 አቶሚክ ኢንቲጀርን ይዞ የመጣው ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው።

እኔ በበኩሌ፣ የማይለወጥ ቋሚ ካልሆነ በቀር ስታቲክ አልወድም። የሰው ኮድ ስትገመግሙ ካገኛችሁት «ይሄን እነማን ይነኩታል?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።