በከተማ የተዋጠችው የመነኮሳት መንደር

በሰሜን እንግሊዝ አገር፣ ዌር የሚባለው ወንዝ ከባሕር በሚገባበት ስፍራ፣ ሰንደርላንድ የምትባል ከተማ አለች። ከደቡቡ ዳር ተነሥተን ድልድዩን በተሻገርን ጊዜ የደረስንባት ሰፈር መንክዌርማውዝ ትባላለች፤ በዌር አፍ ያለች የመነኮሳት ስፍራ ማለት ነው። የምንጽፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

በ674 ዓ.ም. ቤኔዲክት ቢስኮፕ የተባለ መነኵሴ ከንጉሥ ኤክፍሪድ ርስት ተቀብሎ በቅዱስ ጴጥሮስ ስም ገዳም ተከለ። ግንበኞችንና በዚያ አገር ያልታወቁትን መስተዋት ሠሪዎች ከዛሬዋ ፈረንሳይ አስመጣ። ከሮም መጻሕፍትን፣ ማንበብ ያልተማረው ሕዝብ አይቶ ያስተውል ዘንድም ቅዱሳት ሥዕላትን አመጣ፤ ዜማ የሚያስተምር መሪጌታም አብሮት መጣ። በገዳሙ ርስት የተወለደው ቤዳ በ7 ዓመቱ ለዚሁ አባት ተሰጠ፤ በ731 ዓ.ም. የእንግሊዝን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጽፎ የፈጸመው እርሱ ነው።

በዚህ ገዳምና በእኅቱ በጃሮው መላው መጽሐፍ ቅዱስ በአንድ ጥራዝ፣ ከ1,000 በሚበልጥ የብራና ቅጠል ተጻፈ። ብራና ሲፋቅ ያየ የአገራችን ሰው ድካሙን ይረዳዋል። አበ ምኔቱ ኬኦልፍሪድ በ716 ዓ.ም. በስተርጅናው መጽሐፉን ለሮም ሊያበረክት ተነሣ፤ ነገር ግን በፈረንሳይ ምድር በላንግር ዐረፈ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው የሰጪውን ስም ፍቆ ሌላ ስም ጻፈበት፤ መጽሐፉም ለብዙ ዘመን የኢጣልያ ሥራ ተብሎ ኖረ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሊቃውንት የተፋቀውን ስም አገኙት። መጽሐፉ አሁን በፍሎረንስ ይገኛል።

የመንደሪቱም ነገር ከዚህ አይርቅም። ገዳሙ በ16ኛው መቶ ዓመት ተዘጋ፤ በወንዙ ዳር የመርከብ መሥሪያ በዛ፤ ከ1826 ዓ.ም. ጀምሮ የድንጋይ ከሰል ጕድጓድ ተቈፈረ፤ በ1835 ዓ.ም. መንደሪቱ በሰንደርላንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ገባች። የዋጣት ሥራ ግን እርሱም አልቈየም። የመርከቡ ሥራ በ1988፣ የከሰሉ በ1993 ዓ.ም. ቆመ፤ በከሰሉ ስፍራ በ1997 ዓ.ም. የእግር ኳስ ሜዳ ተከፈተ። የሥራ ማጣት ኀዘን በስንት ቤት እንደ ገባ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል።

ከቤተ ክርስቲያኑ የጥንቱ የምዕራብ ግድግዳና መግቢያው ቀርተዋል። ዛሬም ይጸለይበታል። በመግቢያው ድንጋይ ላይ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ሁለት አራዊት ተቀርጸዋል፤ ነፋስና ዘመን ስላለሰለሳቸው ቅርጻቸውን ለመለየት በጣታችን መከተል ነበረብን።