ከጀርባችን የቆመው

በቤታችን ፎቶግራፍ ማንሣት የተጀመረው አባታችን በ1978 ዓ.ም. በመምህርነት ተመድበው ወደ ዋጫ በመጡበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ዋጫ የምትቈጠረው፣ ዋና ከተማው ጅማ ከነበረው ከካፋ ክፍለ ሀገር ነበርና፣ በየፎቶግራፉ ጀርባ የአባታችን ጽሕፈት «ዋጫ፣ ካፋ ክፍለ ሀገር» ይላል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በተነሡት ላይ ግን እኛ ልጆቻቸው «ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ» ብለን ጽፈናል። ቤቱ ያው ቤት፣ ጓሮውም ያው ጓሮ ነው እያልን እንኖር ነበር።

አንድ ጥቅልል ፊልም 36 ፎቶግራፍ ብቻ ስለሚያነሣ፣ የሚታጠበውም ጅማ ስለ ነበረ፣ አባታችን ለዓመቱ እየቈጠቡ ነበር የሚያነሡት። የሚበዛውም የመንገድ ነው። ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ ጅማ ማደር ግድ ነበር፤ ጎጀብ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ከሙቀቱ ሸሽተን ጥላ ሥር ተኰልኵለን እንታያለን። ስንመለስ የውሽውሽን ሻይ ተክል ያየን ዕለት ቤት እንደ ገባን እንቈጥር ነበርና፣ በዚያ የተነሣነው ሁሉ ፊታችን አቧራ፣ ጥርሳችን ሣቅ ነው። አንድ ጥቅልል ከአጣቢው እጅ ብርሃን ገብቶበት ጠፍቷል፤ እናታችን እስከ ዛሬ ያዝኑበታል።

የወራቱን ነገር ያነሣን እንደ ሆነ፣ በትምህርት ቤት ያጠናናቸው አራቱ ወቅቶች ለዋጫ ልክ አልሆኑም። መስከረም ጠባ ብለን አዲስ ልብስ ለብሰን ስንነሣ ዝናቡ ገና አላባራምና ሁላችንም ከጃንጥላ ሥር ነን። ስለዚህ ወራቱን የምናውቀው በጓሮው ነበር። በየካቲት ግድም ዝናብ ሲነካው ቡናው በነጭ አበባ ይሸፈናል፤ መዓዛው እስከ መኝታ ቤት ይገባል፤ በጥቂት ቀንም ይረግፋል። አባታችን ይህን ለማንሣት ሦስት ዓመት ዘግይተውበታል። የጌተም ነጭ ማር የያዘ ቅል የሚታይበት ግን የግንቦት ነው።

ሁላችንም የምንወደው የእንሰቱ ነው። ታናሽ እኅታችን በተወለደችበት ዓመት እናታችን አንድ እንሰት ተክለው በየዓመቱ ልጅቱን ከጎኑ ያቆሟት ነበር። በመጀመሪያው ላይ ሁለቱም ከእናታችን ጉልበት አያልፉም። በሦስተኛው እንሰቱ ጣራውን ሊነካ ነው። በስድስተኛው ግን ተፍቆ ቆጮ ሆኗልና እኅታችን ብቻዋን ቆማ ታለቅሳለች።

ባለፈው ዓመት አባታችን ሲያርፉ ፎቶግራፋቸውን ፈልገን ሣጥኑን ገለበጥን። አንሺው እርሳቸው ስለ ነበሩ በአንዱም ላይ የሉም። ፊታቸውን ስንፈልግ ግን ሌላ ነገር አየን። በ1978ቱ ላይ ከእንሰቱ በስተጀርባ ጠቁሮ የቆመው ደን ነው፤ ከአጥራችን ሃያ እርምጃ አይርቅም። ከዚያ በኋላ በመጡት ላይ በመካከል የበቆሎ ማሳ ይታያል። ዩኔስኮ የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት በመዘገበበት በ2002 ዓ.ም. በተነሣነው ላይ ደግሞ ከጀርባችን ያለው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ደኑን ለማንሣት ያሰበ ማንም አልነበረም፤ እኛን ሲያነሡ አብሮ የገባ ነው።

ደኑን ማን ጨረሰው እያልን በቁጣ ስንነጋገር እናታችን ከምድጃው አጠገብ ሆነው ሰሙን።

«ለዚህ ቤት ማገርና ወራጅ የመጣው ከየት ይመስላችኋል? ኮሌጅስ የገባችሁት ባሕር ዛፉ ተሸጦ አይደለም እንዴ?» አሉን።

እውነት ነበር፤ ባሕር ዛፉንም የተከልነው እኛው ነን፤ ችግኝ ተሸክመን እየሣቅን የተነሣነው ፎቶግራፍ አለ።

ባለፈው ሐምሌ ከጉቶው መካከል አምስት የዋንዛ ችግኝ ተክለን ሁለቱ ደረቁ። የቀሩትን በስልክ አንሥተናቸዋል። እናታችን ግን በወረቀት ያልታተመ ፎቶግራፍ አይደለም ስላሉ፣ ወደ ቦንጋ ስንሄድ ልናሳትመው ነው። ከጀርባው የሚጻፈውንም እርሳቸው ነግረውናል፤ «ዋጫ፣ ሦስት ዋንዛ» የሚል ነው።